ሐላልን የጠበቀ የቤተ ሰብ ሽርሽር በደሴ

ሰው ሳምንቱን ሙሉ በሥራና በትምህርት ሲደክም ከሰነበተ በኋላ፣ ሁለት ቀን ያህል ከቤተ ሰቡ ጋራ አየር ለውጦ ቢመለስ ለአካሉም ለመንፈሱም እንደሚጠቅመው የታወቀ ነው። ከተማችን ደሴም ለዚህ በጣም የተመቸች ናት። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አቅፈው ይዘዋታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክረምት ሲያልፍ ተራራው ሁሉ ለምለም ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከዐረብ አገሮች ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ሊጎበኙን ይወዳሉ።

ነገር ግን ብዙ ሙስሊም ቤተ ሰቦች ሽርሽራቸው የሚበላሽባቸው በመንገዱ ርዝመት ወይም በብርዱ ሳይሆን በምግብ ምክንያት ነው። አባት ከማያውቀው ምግብ ቤት ገብቶ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። እናት የተራቡትን ልጆች በዳቦና በሻይ ታባብላለች። ልጆቹም ከተራራው ይልቅ ረኃቡን ሲያስታውሱ ይኖራሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከይሉኝታና ካለመዘጋጀት ስለ ሆነ፣ እንዴት ሊታቀድ እንደሚቻል ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሐላል ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሐላል ማለት በእስልምና ሃይማኖት የተፈቀደ፣ ሐራም ማለት ደግሞ የተከለከለ ነገር ነው። የአሳማ ሥጋ፣ ደም፣ በክትና የሚያሰክር መጠጥ ሐራም ናቸው። የሚበላው እንስሳም የአላህ ስም ተጠርቶ መታረድ አለበት። በአገራችን እንደሚታወቀው ክርስቲያኑም በበኩሉ በሥላሴ ስም ያልታረደ ሥጋ አይበላም። እንግዲህ ጥንቃቄው የአንድ ወገን ብቻ ስላልሆነ፣ «ያረደው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚቀየም ወሎዬ አይገኝም። በሠርግና በለቅሶ ጊዜ እንኳ ሁለት ከብት ታርዶ፣ ሁለት ድስት ተጥዶ፣ ሁሉም እንደየሃይማኖቱ ይስተናገዳል።

እኔ ራሴ ይህን በቤተ ሰቤ ዘንድ አያለሁ። አንዲት አክስቴ ክርስቲያን ናቸው። እኛ ልንጠይቃቸው በምንሄድበት ቀን ጎረቤታቸውን ሙስሊም ሽማግሌ ጠርተው ዶሮውን ያሳርዳሉ፤ ለእኛ ብቻ የሚጣድ ድስትም ለይተው አስቀምጠዋል። አክስቴ ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን መምጣታችንን አስቀድመን ስንነግራቸው ነው። በድንገት የደረሰ እንግዳ ራሱም ይቸገራል፣ አስተናጋጁንም ያሳፍራል። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ይመስለኛል።

ስለ ምግብ ቤት የሆነ እንደ ሆነ፣ የሙስሊም ምግብ ቤቶችና ልኳንዳዎች በከተማችን ሞልተዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳቸው ላይ የጨረቃ ምልክት ወይም «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ምልክት በሌለበት ቤት ግን ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ ያረደው ማን ነው? ድስቱና ቢላዋው የተለየ ነው? ሽሮው ሥጋ አለበት? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም፤ ቦዘና ሽሮ ሥጋ ስለሚገባበት ሽሮ መሆኑን ብቻ አይቶ የሚያዝ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ፍርፍርም ቋንጣ እንዳለበት መጠየቅ ይገባል። ሌላ ነገር ከጠፋ ምስር ወጥ፣ ጎመንና አትክልት አለ፤ በተለይም በክርስቲያኖች ጾም ወራት በየምግብ ቤቱ ይገኛል። ከመጠጥም ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ቢቀሩ ያልፈላ የማር ብርዝና ቀሪቦ አሉ፤ ብርዙ ግን አለመፍላቱን ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሶላት ነው። በዚህ ረገድ ደሴ ለእንግዳ የምትሰጠው አንድ ልዩ ጥቅም አለ። መካ ከደሴ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሆኖም ልክ በሰሜን አቅጣጫ ላይ ትገኛለች ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጦሳን በግራው፣ አዝዋ ገደልን በቀኙ አድርጎ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ ማለት ነው። ይህን ለሕፃናት ማሳየት የጂኦግራፊ ትምህርትም ይሆናል። በከተማው ውስጥ የሸዋ በርና የአረብ ገንዳ መስጊዶችን የመሳሰሉ ብዙ መስጊዶች ስላሉ መስገጃ አይቸግርም፤ የሴቶች መስገጃ በየት በኩል እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ መልካም ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች የሶላት ሰዓት በዓመት ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም። ዙህር ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ምሳን ከዙህር በኋላ፣ የማታ መመለሻንም ከመግሪብ በፊት አድርጎ መመደብ ቀኑን ሁሉ ያቃናዋል።

ሦስተኛው ማደሪያ ነው። ሆቴል ሲመረጥ ከመጠጥ ቤቱና ከሙዚቃው ራቅ ያለ ክፍል መጠየቅ ይገባል፤ አለዚያ ሕፃናቱ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ለሱብሒ መነሣትም ይከብዳል። ውኃ አንዳንድ ጊዜ ስለሚቋረጥ ለውዱእ የሚሆን ውኃ በጀሪካን እንዲቀመጥ ማዘዝ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ወፍራም ልብስና ጋቢ መያዝ አይረሳ።

እንግዲህ ሁለቱ ቀኖች እንዴት ይከፈላሉ? ቅዳሜ ጧት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ማየት ይቻላል። አዳራሹ ለግብር ማብያ የተሠራ ሲሆን ስሙ «ማንንም አይጠየፍም» ማለት ስለ ሆነ፣ ከላይ ስለ ገበታ ላነሣነው ነገር የሚስማማ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቅርሶቹ ተዘርፈውበታል። ስለዚህ ሁለቱም ቦታዎች ለጎብኚ ክፍት መሆናቸውን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ከዙህርና ከምሳ በኋላ ወደ ጦሳ ግርጌ ቀስ እያሉ መውጣት ደስ ይላል። ከቆላ የመጡ ልጆች ቶሎ ትንፋሽ ያጥራቸዋልና አይቻኮሉ። ከዚያ ላይ ሆነው ከተማይቱን ቁልቁል ሲያዩ ድካሙን ይረሱታል።

እሑድ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ መሄድ ነው። ከመናኸሪያው ሚኒባስ ይገኛል። በውኃው ዳር ዓሣ ይጠበሳል፤ ዓሣ እርድ ስለማያስፈልገው ለሙስሊም ቤተ ሰብ እንደዚህ ያለ ከጭንቀት ነፃ የሆነ ምሳ የለም። ብቻ በዚያው ዘይት ሌላ ሥጋ እንዳልተጠበሰበት መጠየቅ ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በዚያው ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለ ሆኑ፣ ቤተ ሰብ ሳይለያይ ሊያየው የሚችለው ከዳር ሆኖ ነው። ዙህርን በሐይቅ ከተማ ሰግዶ ከመምሸቱ በፊት መመለስ ይቻላል።

ከሩቅ ለሚመጣ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ደሴ ከአዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም በኮምቦልቻ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የጸጥታ ችግር ስለ ነበረ፣ ከመነሣት በፊት በመንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ጠይቆ በቀን ብቻ መጓዝ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፤ የተናገርኩት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስልክ መደወልን ብቻ የሚፈልግ ነው። ሙስሊሙ ሳያፍር ይጠይቅ፤ ክርስቲያኑም እንግዳው እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ ይንገረው። ዘመድ ሊመጣ ነው ሲባል በየቤታችን መጀመሪያ የሚታሰበው አልጋው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋው ጋራ ድስቱም ይታሰብ።