ክሮንስ፦ ሕመሙን የሚያስታግሰውና አንጀቱን የሚያድነው

ከቴል አቪቭ ብዙም በማትርቀው ክፋር ሳባ ከተማ፣ ሜኢር በሚባለው ሆስፒታል፣ 21 የክሮንስ ሕሙማን ለስምንት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ሲጋራ እንዲያጨሱ ተደረገ። ሁሉም የተለመዱትን መድኃኒቶች ሞክረው ያልተሻላቸው ናቸው። ለ11ዱ የተሰጠው ሲጋራ 115 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ፣ ማለትም የካናቢስን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር፣ የያዘ ነበር። ለ10ሩ የተሰጠውም የካናቢስ አበባ ነው፤ ግን ቲኤችሲው አስቀድሞ እንዲወጣለት ተደርጓል። መልኩ ያው፣ ጭሱም ያው። ስምንቱ ሳምንት ሲያበቃ ቲኤችሲ ካገኙት 11 ሰዎች የ10ሩ ሕመም በግልጽ ቀለል አለ፤ ከሌሎቹ 10 ደግሞ የ4ቱ። ሕመሙ ጨርሶ ጋብ ያለላቸው በመጀመሪያው ወገን 5፣ በሁለተኛው 1 ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ይህኛው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ሲጋራው በቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ተመለሰ።

በዶ/ር ቲምና ናፍታሊ የተመራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ «ካናቢስ ክሮንስን ያድናል» የሚለው ወሬ አገር ላገር ዞሯል። ጥናቱ ግን እንደዚያ አላለም። በሕመምተኞች ላይ የደረሰው ለውጥ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው የተለወጠው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ክሮንስ የሰውነት መከላከያ ኃይል ያለ ልክ ተቆጥቶ የአንጀትን ግድግዳ የሚያቆስልበት የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። ስሙን ያገኘው በ1932 ኒው ዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሽታውን ከገለጸው ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ በጣም የሚወደው ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ቁስሉ እየዘለለ ይሄዳል፤ አንድ ስንዝር ደህና፣ ቀጥሎ የቆሰለ፣ እንደገና ደህና። በካሜራ ሲታይ የተጎዳው ክፍል ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ይመስላል፤ ሐኪሞቹም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጥልቀቱ ነው። ቁስሉ ከላይ በሚታየው ሽፋን ሳይወሰን የግድግዳውን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር ይበላል። በጠባሳ ሲድን አንጀቱን ያጠብበዋል፤ ሳይድን ሲቀር ቀዳዳ አበጅቶ ወደ ሌላ አንጀት፣ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ይህ ፊስቱላ ይባላል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በ1956 በሥልጣን ላይ እያሉ ለቀዶ ሕክምና የቀረቡት በዚሁ በሽታ አንጀታቸው ስለተዘጋ ነው።

የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ድካምና ክሳት ሕመምተኛው የሚያውቃቸው ምልክቶች ናቸው። ሆኖም ምልክቱና ቁስሉ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሆዱን ያልቆረጠው ሰው አንጀቱ ውስጥ ውስጡን እየጠበበ ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ የዳነለት ሰው ደግሞ ሊቆርጠው ይችላል። ካናቢስንና የሐኪም መድኃኒትን ለማወዳደር የሚነሳ ሰው ይህን ካልያዘ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸውና ይሳሳታል።

ከመድኃኒቶቹ የቆየው ፕሬድኒሶሎንን የመሰለው ስቴሮይድ ነው። የተቀሰቀሰውን ቁጣ በቀናት ውስጥ ያበርደዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ግን ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ከዚህም በላይ ቁስሉን በአስተማማኝ ሁኔታ አያድንም። አዛታዮፕሪንና ሜቶትሬክሴት ቀስ ብለው የሚሠሩ፣ የሰውነት መከላከያን ዝቅ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ናቸው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1998 ነው፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ኢንፍሊክሲማብን ለክሮንስ ፈቀደች። ይህ መድኃኒት ቲኤንኤፍ የተባለውን፣ ቁጣውን የሚያቀጣጥለውን ፕሮቲን፣ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ኢንፍሊክሲማብ ሲሰጥ ያየ ሰው ጥንቃቄውን ይረዳል። 100 ሚሊ ግራም ነጭ ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል። ነርሷ በንጹሕ ውሃ ትበጠብጠዋለች፤ ብልቃጡን ግን አትነቀንቀውም፣ ምክንያቱም ፕሮቲኑ አረፋ ይሆናል፤ በእጇ ቀስ እያደረገች ታዞረዋለች። ከዚያ በግሉኮስ ሳይሆን በጨው ውሃ ከረጢት ውስጥ ይገባና ሁለት ሰዓት ያህል በደም ሥር ይንጠባጠባል። ሰውነት እንዳይቆጣ የደም ግፊትና የሙቀት መጠን በየመሃሉ ይለካል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው፣ ከዚያም በየስምንት ሳምንቱ ይደገማል። አዳሊሙማብን የመሳሰሉት ደግሞ ሕመምተኛው ቤቱ ተቀምጦ ከቆዳው ሥር የሚወጋቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቬዶሊዙማብ፣ ኡስቴኪኑማብ፣ ሪሳንኪዙማብና በአፍ የሚዋጠው ኡፓዳሲቲኒብ ተጨምረዋል።

ውጤታቸው ምን ያህል ነው? በ2010 የታተመው ሶኒክ የተባለ ጥናት 508 ሰዎችን ለሦስት ከፍሎ ነበር። በ26ኛው ሳምንት በካሜራ ሲታይ፣ ኢንፍሊክሲማብና አዛታዮፕሪን አብረው ከወሰዱት ቁስላቸው የዳነላቸው 43.9 በመቶ፣ ኢንፍሊክሲማብ ብቻ ከወሰዱት 30.1 በመቶ፣ አዛታዮፕሪን ብቻ ከወሰዱት 16.5 በመቶ ሆኑ። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል፦ የተሻለውን ሕክምና ካገኙት ውስጥም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስድስት ወር ቁስላቸው አልዳነም። ካናቢስን የሚጠይቅ ሕመምተኛ አላዋቂ ወይም ሱሰኛ ተደርጎ ሲታይ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ሞክሮ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ተመላልሶ፣ ሥራውን ሊያጣ የተቃረበ ሰው ነው።

ደግሞም መድኃኒቱ የሚሰጥበት ጊዜ ውጤቱን ይለውጠዋል። በ2024 የታተመው ፕሮፋይል የተባለው የብሪታንያ ጥናት በሽታቸው ገና የታወቀ 386 ሰዎችን ይዞ፣ ግማሾቹን ከመጀመሪያው በኢንፍሊክሲማብና በአጋዥ መድኃኒት አከመ፤ ሌሎቹን እንደተለመደው በስቴሮይድ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ። በ48 ሳምንት ያለ ስቴሮይድና ያለ ቀዶ ሕክምና በሽታው ጋብ ብሎ የቆየላቸው በመጀመሪያው ወገን 79 በመቶ፣ በሁለተኛው 15 በመቶ ነበሩ። ካናቢስን እየሞከሩ ወራት ማሳለፍ ምን ሊያሳጣ እንደሚችል ከዚህ ልዩነት ይገባናል።

ካናቢስ ላይ ያለው ተስፋ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። ራፋኤል ሜሹላምና የሥራ ባልደረባው በ1964 የቲኤችሲን ቅርጽ እዚያው እስራኤል ውስጥ ለይተው ካሳወቁ በኋላ፣ ሰውነታችን ራሱ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር እንደሚሠራና በአንጀት ነርቮችም ሆነ በመከላከያ ሕዋሶች ላይ ተቀባይ እንዳለው ታወቀ። ቲኤችሲ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፣ ማቅለሽለሽ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ የሕመም ስሜት ያደበዝዛል። የአይጦችን የተቆጣ አንጀት እንዳበረደም ታይቷል። ተቅማጥና ቁርጠት ያሰቃየው ሰው ሲወስደው ቢቀለው አይገርምም።

ወሳኙን መልስ የሰጠው የናፍታሊ ቡድን በ2021 ያወጣው ሌላ ጥናት ይመስለኛል። በዚህኛው ሲጋራ ቀርቶ ዘይት ነው የተሰጠው፤ አራት እጅ ሲቢዲ፣ ማለትም የማያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ አንድ እጅ ቲኤችሲ። 56 ሰዎች ስምንት ሳምንት ወሰዱ። የበሽታው ነጥብ ካናቢስ ባገኙት ላይ ከ282 ወደ 166 ወረደ፤ ካናቢስ የሌለበትን መሰሉን ባገኙት ላይ ከ264 ወደ 237። ኑሯቸውም ተሻሻለ። ነገር ግን አንጀታቸው በካሜራ ሲታይ፣ ደማቸውና ሰገራቸው ሲመረመር፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ነጥቡ ወርዶ ቁስሉ እንዴት ባለበት ቀረ? ነጥቡ የሚሰላበትን መንገድ ማየት ነው። በ1976 የተዘጋጀው ይህ መመዘኛ ሕመምተኛው ለሰባት ቀን በሚመዘግበው ነገር ላይ ያተኩራል፦ ስንት ጊዜ አስቀመጠው፣ ሆዱን ምን ያህል ቆረጠው፣ ጤንነቱ እንዴት ተሰማው። ከ150 በታች ከወረደ በሽታው ጋብ ብሏል ይባላል። ካናቢስ የሚለውጣቸው ነገሮች ደግሞ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። አንጀቱ ውስጥ ያለውን የሚያሳዩት በካሜራ የሚደረገው ኮሎኖስኮፒና ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ናቸው፤ እነሱ በስሜት አይለወጡም።

ስለዚህ ሁለቱን በተፎካካሪነት ማሰለፍ ልክ አይመስለኝም። አንደኛው ሕመም አስታጋሽ ነው፤ ሌላኛው በሽታውን የሚገታ። አደጋ የሚመጣው አስታጋሹ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው፤ ሕመሙ የጠፋለት ሰው መርፌውን ያቆማል፣ ቀጠሮውን ይተዋል፣ ከዓመት በኋላ አንጀቱ ተዘግቶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ከስድስት ወር በላይ ካናቢስ የተጠቀሙ የክሮንስ ሕሙማን ለቀዶ ሕክምና የመቅረባቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ካናቢሱ አመጣው ለማለት አይቻልም፤ በጣም የታመመው ሰው ይበልጥ ወደ ካናቢስ ሊሄድ ይችላልና። ማስጠንቀቂያ ግን ነው። ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ማጨስ ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም፤ ትምባሆ ክሮንስን እንደሚያባብስ በሚገባ የታወቀ ነውና። ካናቢስን ለረዥም ጊዜ አዘውትሮ መውሰድ ጥገኝነት ያመጣል፣ በአንዳንዶችም ላይ የማያባራ ትውከት ያስከትላል፤ ይህን ከክሮንስ ምልክት መለየት ለሐኪም አስቸጋሪ ነው።

የመድኃኒቶቹ አደጋም ቀላል አይደለም፤ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል። ቲኤንኤፍ የቲቢ ተሕዋሲያንን በሳንባ ውስጥ አፍኖ ለመያዝ የሚረዳ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ኢንፍሊክሲማብ ሲያግደው የተኛው ቲቢ ሊነሳ ይችላል። መርፌው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። ከዚህም በፊት የሚመጣ ችግር አለ፦ የአንጀት ቲቢ የሚወጣበት ቦታም ሆነ መልኩ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቲቢ በበዛበት አገር ክሮንስ ነው ተብሎ ስቴሮይድ የተሰጠው ሰው ቲቢው ሊሰራጭበት ይችላል። ያደገው ኢትዮጵያ ሆኖ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚታከም ሰው ይህን ታሪኩን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ቢናገር ይጠቅመዋል።

ክሮንስ የእኛን ሰው አይነካም የሚለው ግምትም ዘመን አልፎበታል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ በሽታው እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን መታየት ጀምሯል። የአኗኗርና የምግብ ለውጥ ድርሻ እንዳለው ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። እስራኤል ክሮንስን ካናቢስ በሐኪም ከሚፈቀድባቸው ሕመሞች መካከል ቆጥራዋለች። በአሜሪካ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ይፈቅዳሉ፤ የፌዴራሉ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ለክሮንስ ያጸደቀው የካናቢስ መድኃኒት የለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይከለክለዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ቴል አቪቭ ወይም ዴንቨር በሐኪም ወረቀት የተገዛ አንድ ብልቃጥ ዘይት ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያሳስር ይችላል። ለዘመድ ጥየቃ የሚጓዝ ሰው ዘይቱን ትቶ፣ ኢንፍሊክሲማቡን ወይም አዳሊሙማቡን ቀጠሮ ሳያዛንፍ ቢሄድ ይሻለዋል፤ መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበትም ከሻንጣ ጋር ሳይሆን በእጅ፣ በበረዶ ከረጢት፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ይያዛል።