የዕቃ ልባስ፦ ከሆሳዕና ገበያ እስከ ጃፓን ሳጥን

ዕቃን የሚያስውበው ብዙ ጊዜ ያው ዕቃውን የሚጠብቀው ነው። በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ የወተት ቅል በወይራ የሚታጠነው ወተቱ መልካም ሽታ እንዲኖረውና ቶሎ እንዳይበላሽ ነው፤ ጥቁረቱና ወዙ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ውበት ነው።

በሸክላም እንዲሁ ነው። በሐዲያም በከምባታም ሸክላ የሴቶች ሙያ ነው። መንኰራኩር የለም፤ ጭቃውን በእጅ እያሳደጉ ይቀርጹታል፣ ጠገግ ሲልም በለስላሳ ድንጋይ እየፈተጉ ገላውን ያለሰልሱታል። ከእሳት ወጥቶ ገና እንደጋለ በቅጠል ወይም በገለባ ከታፈነ ጭሱ ገብቶ ያጠቁረዋል። ያ ጥቁር ወዝ ቀለም ተቀብቶ የመጣ አይደለም፤ የእጅና የእሳት ሥራ ነው። የስፌት ዕቃ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው፦ ሰንደዶው ውስጥ ሆኖ አክርማው ይጠመጠምበታል፣ ጥለቱን የሚያወጣው የተነከረው አለላ ነው። ሰፊዋ ጥለቱን በወረቀት ሳትነድፍ በልቧ እየቆጠረች ታወጣዋለች። አገልግል ላይ ቆዳ ሲለበጥበት መንገድ የሚችል የስንቅ ሳጥን ይሆናል።

ዕቃን በሚጠብቀው ልባስ በማስዋብ ሩቅ የሄዱት ጃፓኖች ናቸው። ልባሳቸው ኡሩሺ የሚባል የዛፍ ሙጫ ነው። ዛፉ ከአሥር ዓመት በላይ አድጎ ሲደማ የሚሰጠው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ጥሬው ቆዳን ያቆጣል፤ የሚጠነክረውም በፀሐይ ሳይሆን እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። በእንጨት ላይ ስስ ሆኖ እየተደራረበ ይቀባል፣ በየመካከሉም ይሞረዳል። ማኪኤ በተባለው ዘዴ ገና ባልደረቀ ልባስ ላይ የወርቅ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ራደን ደግሞ የዛጎል ቅርፊት መለበጥ ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦጋታ ኮሪን የሠራውና አሁን በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የጽሕፈት ሳጥን አበቦቹ ከዛጎል፣ ድልድዩ ከእርሳስ ማዕድን ነው።

እኔን የሚያስቆጨኝ የሠሪዎቹ ዕጣ ልዩነት ነው። ጃፓን በ1950 እ.ኤ.አ. የባህል ቅርስ ሕግ አውጥታ፣ በ1955 የማኪኤ ባለሙያውን ማትሱዳ ጎንሮኩን በሕይወት ሳለ የአገር ቅርስ ተሸካሚ አድርጋ ሰየመች። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ግን በስድብ ስም ሲጠሩ፣ ከመሬትና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። እንስራቸውን ጀሪካን ተክቶታል፤ ጀበናቸው ግን ዛሬም ከየቤቱ ምድጃ አልወረደም።