ፒ.ዲ.ፒ.-8 ስለሚባለው ኮምፒዩተርና ስለ ልዩ ልዩ ዓይነቶቹ

በዛሬ ጊዜ ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አዲሱና ወደ ፈጣኑ ነው። ከጓደኞቼም መካከል «አዲስ መሣሪያ ካልተገዛልን በቀር ይህን ትምህርት ልንማረው አንችልም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የተለየ አስተያየት ስላለኝ፤ ማስረጃ የሚሆነኝን የአንድ አሮጌ መሣሪያ ታሪክ ለክቡራን አንባብያን ላቀርብ ተነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒ.ዲ.ፒ.-8ን የሠራው በአሜሪካ አገር፤ በማሳቹሴትስ ግዛት፤ በሜይናርድ ከተማ የነበረው ዲጂታል ኢኪውፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ1957 ሥራውን የጀመረው በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ትልቅ ኮምፒዩተር ዋጋው በመቶ ሺሕ በሚቆጠር ዶላር የሚገመት፤ ሰፊ ክፍልና ብዙ ሠራተኛ የሚፈልግ ስለ ነበረ፤ የሚገዛው መንግሥት ወይም ታላቅ ድርጅት ነበር። በ1965 ፒ.ዲ.ፒ.-8 በ18,000 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ ግን አንድ የምርምር ክፍል ወይም አንድ ፋብሪካ የራሱ ኮምፒዩተር ሊኖረው ቻለ።

ዋጋው ስለምን ረከሰ ቢሉ፤ የግድ የማያስፈልገው ሁሉ ስለ ተተወ ነው። መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 12 ቢት ብቻ ነው። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍበት አንድ ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 3 ቢቶች የትእዛዙን ዓይነት ያመለክታሉ፤ ሦስት ቦታ ደግሞ በ0ና በ1 ሊሞላ የሚችለው በስምንት መንገድ ብቻ ስለሆነ፤ ፒ.ዲ.ፒ.-8 የሚያውቀው ስምንት ዓይነት ትእዛዝ ነው። ከነዚህ አንዱ መደመር ነው፤ መቀነስ ግን የለም።

ታዲያ እንዴት ይቀንሳል? ከ10 ላይ 3 ለመቀነስ ብንፈልግ፤ የ3ን አሥራ ሁለት ቢቶች እንገለብጣለን፤ ማለት 0 የነበረውን 1፤ 1 የነበረውን 0 እናደርጋለን። በዚያ ላይ 1 ስንጨምር 4,093 ይሆናል። ይህን ከ10 ጋር ብንደምረው 4,103 ይመጣል። ነገር ግን 12 ቢት ከ4,095 በላይ ሊይዝ ስለማይችል 4,096ቱ ከቦታው ወጥቶ 7 ይቀራል። የተፈለገውም መልስ ይኸው ነው። ማባዛትና ማካፈልም እንዲሁ ከቀላል ትእዛዞች ተሰናድተው ይሠራሉ። መሣሪያው ራሱ እንዲያባዛለት የፈለገ ገዢ ተጨማሪ ክፍል ለብቻው ይገዛ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ማኅደረ ትውስታው የተሠራው በሽቦ ላይ ከተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነው። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቢት ሲይዝ፤ መደበኛው መሣሪያ 4,096 ቃላት ማለት 49,152 ቢት ነበረው። መብራት ቢጠፋ እንኳ በቀለበቶቹ ላይ የተጻፈው አይጠፋም ነበር። ሰው ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው በፊቱ ላይ በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎችና ቴሌታይፕ በሚባለው፤ በወረቀት ላይ በሚጽፍና ወረቀት በሚበሳ መኪና ነበር።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንለፍ። በ1966 የወጣው 8/ኤስ ዋጋው ከ10,000 ዶላር በታች ነበር። ይህም የሆነው ቢቶቹን አንድ በአንድ እየተቀበለ እንዲደምር ስለ ተደረገ ነው። አሥራ ሁለት ኩንታል ጤፍ ለማውረድ አሥራ ሁለት ወዛደር ቢቀጠር ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ አንዱ ወዛደር አሥራ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ግን ኪራዩ ይቀንሳል፤ ጊዜው ይረዝማል። 8/ኤስም እንዲሁ ርካሽ ሆኖ እጅግ ቀርፋፋ ነበር። የመጀመሪያው ፒ.ዲ.ፒ.-8 በተናጠል ትራንዚስተሮች ሲሠራ፤ በ1968 የወጣው 8/አይ ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ቁራጭ ላይ በተሰበሰበባቸው አይ.ሲ. በሚባሉ ክፍሎች ተሠራ። 8/ኤል የዚሁ ርካሽ ወንድም ነው። በ1970 የመጣው 8/ኢ ደግሞ ኦምኒበስ የተባለ የጋራ መሥመር ስለ ነበረው፤ ባለቤቱ የሚፈልገውን ካርድ እየሰካ መሣሪያውን ማስፋፋት ቻለ። 8/ኤፍ፤ 8/ኤምና 8/ኤ ይህንኑ ተከትለው ወጡ። በመጨረሻም ኢንተርሲል የተባለ ኩባንያ በአንድ ወቅት ቁም ሣጥን ይሞላ የነበረውን ሥራ 6100 በተባለ አንድ ቺፕ ላይ አኖረው።

አንባቢ ሆይ፤ በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። ትራንዚስተሩ በአይ.ሲ. ተተካ፤ ፍጥነቱና ዋጋው ተለዋወጠ፤ ስምንቱ የትእዛዝ ዓይነቶች ግን እንደ ነበሩ ቆዩ። በመጀመሪያው መሣሪያ ላይ ፕሮግራም ለመጻፍ ሌሊት የደከመ ሰው አዲሱ ሲመጣ ድካሙ ከንቱ አልቀረበትም፤ ጽሑፉን ሳይለውጥ ወይም በጥቂቱ አሻሽሎ ይሠራበት ነበር። ቋንቋው ቢለወጥ ኖሮ እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ የቀደመውን ሰው ዕውቀት በሻረው ነበር። የዚህ ቤተ ሰብ መሣሪያዎች ከ50,000 በላይ የተሸጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ዛሬ ፒ.ዲ.ፒ.-8ን አስመስሎ የሚሠራ ሲም-ኤች የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ከላይ ያሳየሁትን የመቀነስ ስሌት በዚሁ ላይ ሞክሬ 7ን አግኝቻለሁ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ አዲስ መሣሪያ ቢመጣልን ደስ ይለናል፤ እስኪመጣ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። በስምንት ትእዛዝ ይህን ያህል ከተሠራ፤ ባለን መሣሪያ ጠንክረን ብንማር የምንሠራው አናጣም።