«ታድሷል» ሲባል ምን ማለት ነው?
ስለ ዛገ የመኪና ወለልና አካል ጥገና ቃላት

በቃላት ስያሜ ሥራ ለተሰማራ ሰው ጥያቄ የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቶች፣ ከማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ወይም ከተርጓሚዎች ነው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ጥያቄ ግን የቀረበው በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ በክሪክ በተነሣ አሮጌ መኪና አጠገብ ነበር። ጠያቂዎቹም ገዥንና ሻጭን ለማስታረቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። የያዙት የሽያጭ ወረቀት «የመኪናው ወለል ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ይላል። ምንጣፉ ሲገለጥ የታየው ሌላ ነበር። እኔ በዚያ የተገኘሁት ለሌላ ጉዳይ ሲሆን፣ የቋንቋ ሰው መሆኔ ስለ ተነገራቸው «ታደሰ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ።

መኪናው ፔጆ 404 ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በአጭሩ «ስቴሽን» ከሚባለው ወገን ነው። ሙሉ ስሙ «ስቴሽን ዋገን» ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው ተጓዥንና ጓዙን ከባቡር ጣቢያ የሚያመላልስ ሠረገላ ማለት ነበር። ባቡር ባልደረሰበት በጎጃም ምድር ግን ቃሉ ጣቢያውን ጥሎ፣ ከኋላ ጣሪያው ያልወረደ፣ ሰውንም ዕቃንም አብሮ የሚጭን መኪና የሚል ትርጉም ብቻ ይዞ ቀረ። ፔጆ 404 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960፣ የስቴሽኑ ዓይነት ደግሞ በ1962 ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 አሸናፊ በመሆኑ በጠንካራነቱ ስም አትርፏል። ይሁን እንጂ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የሌለው መሆኑ ነው። አካሉና ወለሉ አንድ ላይ ተበይደው ሸክሙን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ወንበሩም የታሰረው ከዚሁ ወለል ጋር ነው። ስለዚህ የወለሉ ጤንነት የውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ገዥው የቡሬ ነጋዴ ሲሆን መኪናውን በርበሬና የማዳበሪያ ጆንያ ሲያመላልስበት ከርሟል። አንድ ቀን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲጓዝ የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተንጋለለ። የወንበሩ ብሎኖች አልተሰበሩም፤ የያዛቸው ወለል ግን ተቀድዶ አብሮአቸው ተነሥቷል። ምንጣፉ ሲነሣ የተገኘው በአሮጌው ዝገት ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፍ ጫፉ ተመትቶ፣ ከላይ ሬንጅ የተቀባ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ሻጩም አልዋሸሁም ይላል፤ ሙሉ ወለሉ በአዲስ ቆርቆሮ ተሸፍኗልና «ታድሷል» ማለቴ እውነት ነው ሲል ይሟገታል።

ከቃሉ ታሪክ ብንነሣ ፍርዱ ለማንም አይደላም። «አደሰ» የሚለው ግሥ ከግእዙ «ሐደሰ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ፍችው አዲስ ማድረግ ነው። ቤት በጭቃ ተለስኖ ይታደሳል፤ ውል ቀኑ ሲያልፍ ይታደሳል፤ መንጃ ፈቃድም በማኅተም ይታደሳል። ቃሉ ውጤቱን እንጂ የአሠራሩን መንገድ አይናገርም። ሽማግሌዎቹን ያሳዘነው መልሴ ይህ ነበር፤ በመዝገበ ቃላት ሚዛን ሻጩን ውሸታም ማለት አልተቻለኝም። ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ሳይሆን የወረቀቱም ነው። ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቃል ሸፍኗልና።

የሚያስገርመው ሦስቱን ሥራዎች የሚለዩ ቃላት በአማርኛ ውስጥ ጥንትም መኖራቸው ነው። ሊገኙ የሚችሉት ግን በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በሰፊ ቤት ነው። ያረጀ ልብስ የሚጠግን ሰው ሦስት ምርጫ አለው። ቀዳዳውን በሌላ ጨርቅ ከላይ መለጠፍ ይችላል። ከሥሩ ያለውን እንዳለ ትቶ ዳሩን በመርፌ መጣፍ ይችላል። ያም ካልሆነ ያለቀውን ቆርጦ ጥሎ በልኩ ሌላ መተካት ይችላል። በላሜራ ሥራም እንዲሁ ነው። «መለጠፍ» ሲባል ቆርቆሮን ወይም ላሜራን በሙጫ፣ በሬንጅ ወይም በሪቬት በዝገቱ ላይ ማጣበቅ ነው። «መጣፍ» ሲባል የዛገውን ሳይቆርጡ አዲሱን ላሜራ በላዩ ደርቦ መበየድ ነው። «መተካት» ሲባል ደግሞ የዛገውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ አውጥቶ፣ በቦታው በልኩ የተሠራ ላሜራ መበየድ ነው። የመጀመሪያው ጥገና ለመባልም አይበቃም። ሁለተኛው ለጊዜው ይይዛል፤ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ውኃ ከገባ ግን ዝገቱን እንደ ድሪቶ ሸፍኖ ያሳድገዋል። ሦስተኛው ብቻ ነው ወለሉን ተሸካሚ የሚያደርገው።

እዚህ ላይ ስለ ዝገት ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ጨው ወይም ማዳበሪያ በውኃው ውስጥ ሲሟሟ ነገሩ ይፋጠናል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የተደረቡ ላሜራዎችን እንደ ሽብልቅ ከፍቶ ያለያያቸዋል፤ ስስና ቀዳዳማ በመሆኑም ከሥሩ ያለውን ብረት ከውኃ አይጋርድም። በምዕራብ ጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም በእግር የሚገባው ጭቃ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ለብድ ያርሰዋል። ለብዱም ሳይደርቅ ይከርማል። ስለዚህ ወለል የሚዝገው ባለቤቱ እንደሚያስበው ከታች፣ ከመንገዱ ወገን ብቻ ሳይሆን ከላይ፣ ከሾፌሩ እግር ሥር ነው።

አማርኛ ይህን ሁሉ «ዝገት» ይለዋል። ለጠጋኙ ግን ደረጃው መለየት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የሚለቅ የላይ ላይ ዝገት አለ፤ ለዚህ «ዝገት» የሚለው ይበቃል። እንደ ዛፍ ልጣጭ እየተነሣ የሚረግፍ ዝገት አለ፤ ይህን «ቅርፊት» ብንለው ማንም ይረዳዋል። ሦስተኛው ቀለሙ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ባዶ የቀረ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ነው። ለዚህኛው እኔ የማቀርበው ስያሜ «ንቅዘት» ነው። በቆሎና ጤፍ አምራች በሆነ አገር ነቀዝ የበላው እህል ምን እንደሚመስል ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ ፍሬው ቅርጹን እንደ ያዘ ሆዱ ዱቄት ሆኗል። ጥርስም ነቀዘ ይባላል። ላሜራም በዚሁ መንገድ ቢነቅዝ ቋንቋው አይቈረቍርም።

ከዚህ ጋር ሌላ መደባለቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠራው ላንድሮቨር በአገራችን ገጠር በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ የውጭ አካሉ አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። በጦርነቱ ማግሥት በእንግሊዝ አገር ብረት በመጥፋቱ የተመረጠ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም እንላለን፤ ትክክል ነው፤ ዝገት የብረት ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በተገናኘበት መጋጠሚያ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል፤ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ለዚህ አጠቃላይ ነገር «መበላት» የሚለውን ቃል ማጽናት፣ «ዝገት»ን ደግሞ ለብረት መተው የተሻለ ይመስለኛል። «ላንድሮቨር አይዝግም» ተብሎ ሻንሲው ሳይታይ የሚሸጠው በዚሁ የቃል መደባለቅ ነው። ሻንሲው ብረት ነው።

አሁን በፍኖተ ሰላም ወዳየሁት ሥራ ልመለስ። ባለ ሙያው በመጀመሪያ ወንበሮቹን፣ ምንጣፉንና ለብዱን አወጣ። ቀጥሎ ወለሉን በመዶሻ ቀስ እያለ እየመታ አዳመጠ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የነቀዘው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ በተለወጠበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ቍራጩ ሲወጣ ምልክቱን አልፎ፣ ብረቱ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ቆረጠ። የሚተካውን በቀጥታ ከላሜራ አልቆረጠም፤ በካርቶን ልክ አወጣ፤ ሰፊ ወረቀት ቆርጦ ልክ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ላሜራው አንድ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ነው። የክዳን ቆርቆሮ የዚህን እኩሌታ እንኳ አይሞላም፤ ያውም በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ሠራተኛውን ያሳምማል። ላሜራ ሲጠፋ የዘይት በርሜል ተቀድዶ ለዚህ ሥራ ይውላል፤ ውፍረቱ ይበቃል። ነገር ግን ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ሳያጥቡና ሳያናፍሱ በእሳት መቁረጥ በርሜሉን ያፈነዳዋል።

አዲሱ ላሜራ ቦታውን ሲይዝ ባለ ሙያው ወዲያው ዳር እስከ ዳር አልበየደም። እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ እያደረገ አሰረውና እስኪበርድ ጠበቀ። ቀጭን ላሜራ በአንድ ወገን ብቻ ሲግል ይቈለመማል፤ እንደ ቅጠልም ይጠቀለላል። ሰፊ ልብሱን በመኪና ከመስፋቱ በፊት በረጃጅም ስፌት የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥራው «መወስወስ» ይባላል። እንግሊዞችም ለዚህ ብየዳና ለልብስ ሰፊው ሥራ የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። እኛም «ውስወሳ» ብንለው ከሰው ሳንበደር ከቤታችን ወሰድን ማለት ነው።

ከበሮቹ ሥር ያለውን ባዶ ሳጥን መሰል አካል በተመለከተ በጋራዡ የሰማሁት «ያ ከበሩ ሥር ያለው» የሚል ሐረግ ነው። በወለልና በአካል መካከል ዋናው ተሸካሚ ይህ ሆኖ ሳለ ስም አልባ መቅረቱ ያሳዝናል። የቤት በር «ደፍ» አለው፤ ሲገባ የሚረገጠው፣ መቃኖቹን የሚያያይዘው ነው። የመኪናውም ሥራው ያው ነውና «ደፍ» እንበለው። ደፉ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በጭቃ ሲደፈኑ ደፉ ከውስጥ ይነቅዛል።

የውጭ አካል ጥገና ከወለል የሚለየው በስቱኮ ነው። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን በመነሻው የግድግዳ ልስን ማለት ነው፤ ጎድጓዳውን ሞልቶ ለማስተካከል የሚያገለግል ልስን በመሆኑ ስያሜው ተስማምቶታል። በፓራፋንጎ ላይ ያለን ትንሽ ጎድጓዳ በስቱኮ መሙላት ተገቢ ሥራ ነው። የነቀዘን ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ግን ከመለጠፍም ይብሳል፤ ውኃ ከኋላው እየገባ እንደ እከክ ያስነሣዋል። ገዥ የሆነ ሰው ትንሽ ማግኔት በኪሱ ቢይዝ ይበጀዋል። በብረት አካል ላይ ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው።

አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ የጋራዥ ቃላታችን አብዛኞቹ ጣልያንኛ ናቸው፦ ላሜራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በጎጃምም በቡሬ፣ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ጦሩን አስፍሮ ነበር። ጦሩ ተባሮ ቢሄድም የመካኒኩ ቋንቋ ቀርቷል። የብርጭቆ ወረቀት የሚለው እንኳ አማርኛ ይምሰል እንጂ የጣልያንኛው ስያሜ ቃል በቃል ትርጉም ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚያከራክረው «ባትላሜራ» ነው። በጣልያንኛ ትርጉሙ ላሜራ መቺ፣ ማለትም ሰውዬው ራሱ ነው። አማርኛ ግን የሙያው ስም አድርጎት «ባትላሜራ ሠራተኛ» ይላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ድርብርብ ስለሆነ «ላሜራ ቀጥቃጭ» ይባል ሲሉ ሰምቻለሁ። በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። በኅብረተሰቡ ዘንድ ግን «ቀጥቃጭ» ለብዙ ዘመን የስድብ ቃል ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው በቡዳነት ይጠረጥረው፣ ጋብቻም ይነፍገው እንደ ነበር አይካድም። ብረት እየመታ የሚኖረው የጋራዥ ሠራተኛ ከዚህ ስድብ ያመለጠው በባዕድ ቃል ጥላ ሥር ነው። ስለ ንጽሕና ብለን ወደዚያ ስም ብንመልሰው ቋንቋውን ሳይሆን ሰውዬውን እንጎዳለን። ስለዚህ «ባትላሜራ» ባለበት ይቆይ እላለሁ። ስያሜ መፍጠር የሚገባን ደፍን እንደመሰለው፣ ሠራተኛው በጣቱ እያመለከተ «ያ» በሚልበት ቦታ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተምሮ በጣልያንኛ ቃል ለሚሠራ፣ ከደንበኛው ጋር ግን በአማርኛ ለሚዋዋል ወጣት ችግር የሚሆንበትም ይኸው ክፍት ቦታ ነው።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የጥገናውን ወጪ ገዥና ሻጭ እኩል እንዲካፈሉ አስማሙ። ከጋራዡ ጋር ለሚደረገው ስምምነት ግን አዲስ ወረቀት እንዲጻፍ ጠየቁና በቃሉ ላይ እንድረዳቸው ሆነ። «ታድሷል» የሚለው በወረቀቱ ውስጥ አልገባም። የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «የፊት ወለል በግራና በቀኝ፣ የሾፌሩ ወንበር ማሰሪያና የግራ ደፍ የነቀዘው እስከ ጤነኛው ብረት ተቈርጦ ይወጣል፤ በአንድ ሚሊሜትር ላሜራ ይተካል እንጂ አይለጠፍም፣ አይጣፍም፤ ዙሪያው ሙሉ በሙሉ ይበየዳል፤ ባለቤቱ ብየዳውን ከታችም ከላይም ሳያይ ቀለምም ሬንጅም አይቀባም።»