የልጆች ጨዋታ እና የእርሻ ወቅት በላስታ፦ መስኩ የሚያስተምረው፣ ወላጅ ሊጠነቀቀው የሚገባ

ገነተ ማርያም፦ በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች የልጆች ጨዋታ ቀን የሚቆጥረው ከአርሶ አደሩ ጋር ነው። ዝናቡ ሲበረታ ልጆች ከቤት እና ከበረት ብዙ አይርቁም፤ ክረምቱ ሲገፋ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሣሩ ሲረዝም ልጃገረዶች ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲቀር ደግሞ የገና ዱላ የያዙ ልጆች ሜዳውን ይሞሉታል።

ጅራፍ የቡሄ ጨዋታ ነው። ልጆች ከልጥ ወይም ከቃጫ ገምደው ያዘጋጁትን ጅራፍ ነሐሴ 13 ከሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ቀደም ብለው ማጮኽ ይጀምራሉ። ለልጥ የሚሆነውን ተክል መለየት፣ ማለስለስ እና መግመድ ታናሹ ከታላቁ እያየ የሚማረው ሙያ ነው። ይኸው ልጅ አድጎ ጠፍር እና ገመድ ሲሠራ እጁ እንግዳ አይሆንበትም።

ቡሄ ካለፈ በኋላ ተራው የልጃገረዶች ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እየተባለ የሚከበረው በዓል ስያሜ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ለምለም ሣር ጋር የተያያዘ ነው። ሣሩን ፍለጋ በቡድን መውጣቱ የበዓሉ አንድ አካል ነው። ታላላቆቹ የትኛው ሣር እንደሚረዝም፣ የት እንደሚበቅል እና መቼ እንደሚደርስ ለታናናሾቹ የሚያሳዩትም በዚሁ ጉዞ ነው።

የገና ጨዋታ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሜዳው የሚገኘው ደግሞ ሰብሉ ታጭዶ ወደ አውድማ ከገባ በኋላ በታኅሣሥ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ እና ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ጥንግ ብቻ የሚጠይቀው ይህ ጨዋታ ጌታ እና ሎሌ እኩል የሚሰለፉበት፣ በጨዋታው ለሚደርስ ነገር ቂም የማይያዝበት መሆኑ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ዛሬ የገጠሩ ልጅ መስክ እያለው ጊዜ ያጥረዋል፤ የከተማው ልጅ ጊዜ እያለው መስክ ያጣል። እረኝነት እና ውኃ መቅዳት ልጅን ከቤት ውጭ ቢያውሉትም ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደሉም። በከተማ በኩል ክፍት ቦታው እየጠበበ፣ የእጅ ስልክ የልጆችን ሰዓት እየወሰደ መጥቷል። ኢትዮጵያ በጎርጎሮሳዊያኑ 1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍት እና ጨዋታ የሕፃናት መብት መሆናቸውን ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። በቀን ብርሃን ውጭ መዋል ሩቅ አጥርቶ ያለማየት የዓይን ችግርን እንደሚቀንስም በጥናት ተረጋግጧል።

መስኩ ግን አደጋም አለው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ በማሳ፣ በቁጥቋጦ እና በምሽግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ብረት የሚመስል እንግዳ ነገር ያየ ልጅ ሊያደርገው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ አለመንካት፣ በመጣበት መንገድ መመለስ እና ለአዋቂ መንገር። ወላጅ ይህን አንድ ጊዜ ተናግሮ መተው የለበትም፤ ልጁ ከብት ይዞ በወጣ ቁጥር ሊያስታውሰው ይገባል።

በክረምት ደግሞ ጎርፍ እና መብረቅ አሉ። ልጆች ባሉበት ሰማዩ ጠርቶ እያለ ከላይ በዘነበ ዝናብ ወንዝ በድንገት ሊሞላ ስለሚችል፣ ወደ ተራራው ሲደማምን ከወንዝ ወለል መውጣት ያስፈልጋል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከሸንተረር ወርዶ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ርቆ ቤት መግባት ይገባል። ቀጋ፣ አጋም እና እንጆሪ የሚለቅም ልጅ እንደ አስተናግር ያሉ መርዛማ ተክሎችንም ለይቶ ማወቅ አለበት። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙና እና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ጅራፍም ሆነ የገና ዱላ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ትንንሽ ልጆች ራቅ ብለው እንዲቆሙ ማድረግ የታላላቆች ኃላፊነት ነው።

ጨዋታው መሬቱንም እንዳይጎዳ ማድረግ ይቻላል። የአሸንድዬ ሣር ከሥሩ ከሚነቀል በማጭድ ቢታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለገና ዱላ ቀስ ብሎ የሚያድገውን የወይራ ችግኝ ከመቁረጥ ከትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ መውሰድ ይሻላል። ከሰው እና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ የተደረጉ ተራሮች ለአፈር እና ለመኖ የሚሰጡት ጥቅም ስለማይተካ፣ ቀበሌዎች መሬት ሲከልሉ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ሜዳ አብረው ቢለዩ ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ቤተሰብ በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ በእግር ሊሄድባቸው የሚችሉ ቦታዎች በአካባቢው አሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአጼ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተፈለፈለችው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አንዷ ናት። ጭላዳ እና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ሌላው ነው። ወደ ተራራው ሲወጡ ውሻ አለማስከተል ተገቢ ነው፤ የውሻ በሽታ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ይገድለዋል። እንስሳቱን ከሩቅ ማየት እንጂ መከተል አይገባም።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አያስፈልግም። ከእረኝነት እና ከትምህርት በኋላ ለጨዋታ የሚተርፍ ሰዓት እና አብሮ የሚወጣ ታላቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። አሁን ያሉት አባቶች እና እናቶች ጅራፍ መግመድን እና የአሸንድዬ ሣርን መለየትን የተማሩት መስክ ላይ ነው፤ ልጆቻቸውም የሚማሩት እዚያው ነው።