አረሙ ለምን አልሞተም? የመርጫው ውሃ ጉዳይ

በሰፋፊ እርሻዎች ላይ ፀረ አረም ተረጭቶ አረሙ ሳይደርቅ ሲቀር፣ ጥርጣሬው የሚያርፈው በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ በቀጣዩ ዙር መጠኑ ይጨመራል፣ ወጪውም አብሮ ይንራል። ይሁን እንጂ በመርጫው ታንከር ውስጥ ካለው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚረጩት አንዱ ግላይፎሴት ነው። ይህ ውህድ አረም ገዳይነቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመታወቁ በፊት፣ ብረት ነክ ንጥረ ነገሮችን አጥብቆ የመያዝ ችሎታው በፓተንት ተመዝግቦ ነበር። በእርሻ ላይ ጣጣ የሚያመጣውም ይኸው ጠባዩ ነው። ሳሙና በቀላሉ የማይረፋበት፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥም ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ነው። ግላይፎሴት ከእነዚህ ጋር ሲቆራኝ ቅጠሉ በሚገባ አይስበውም። አረሙ ይጠወልጋል፣ ከዚያም ያገግማል።

የደፈረሰ ውሃ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ቅንጣቶች ጋር ስለሚጣበቅ፣ ክረምት ላይ ከደፈረሰ ወንዝ በተቀዳ ውሃ ሲበጠበጥ ኃይሉን ያጣል። የመርጫው ወንፊት ገለባውን እንጂ ደቃቁን ሸክላ አያስቀርም፤ ውሃው መጥለል አለበት።

ለካልሲየሙ መፍትሔው በማዳበሪያነት የሚታወቀው አሞኒየም ሰልፌት ነው። በ100 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይሟሟል። ሰልፌቱ ካልሲየሙን ሲይዝ፣ አሞኒየሙ ከግላይፎሴት ጋር ተጣምሮ ወደ ቅጠሉ መግባቱን ያቀላጥፋል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጨመረው አሞኒየም ሰልፌቱ ፈጽሞ ከሟሟ በኋላ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚረጨውን ውሃ፣ የመድኃኒቱን መጠን ሳይነኩ፣ መለያው እስከሚፈቅደው መቀነስም ይረዳል፤ ውሃው ሲያንስ ካልሲየሙም ያንሳልና።