ኮሚናሉን ተዋወቁት

በፋሲካ ዋዜማ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ የሚጎተት በግ ያላየ ሰው ኮንዶሚኒየም ኖሬያለሁ ቢለኝ አላምነውም። በጉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል፤ ከኋላ የሚገፋው ልጅ ይስቃል፤ ባለቤቱ ይቆጣል። በማግስቱ ደረጃው ሲታጠብ ቀይ ውኃ ከፎቅ ፎቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከብሎኩ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቤት ቆሞ ሳለ ነው። ኮሚናል ይባላል።

ስለ ኮንዶሚኒየሙ ብዙ አልልም። በ1996 ዓ.ም. በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ አለው፤ በዕጣ ይደርሳል። “መንግሥት ቤት ሰጠኝ” የሚለውን ሰው ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ዕጣው የሚሰጠው ቤት ሳይሆን የመበደር ተራ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፣ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ በዚያ ብር ቤቱ ይሠራል። በ20/80 የተመዘገበ ሰው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ ቀሪውን ከባንኩ ተበድሮ ዓመታት ሙሉ በየወሩ ይገፋዋል። የመንግሥት ድጎማ በዋናነት መሬቱና መሠረተ ልማቱ ላይ ነው። ከታች ያሉት ሱቆች በጨረታ የሚቸበቸቡት፣ ሰፋፊዎቹም ቤቶች በካሬ የሚወደዱት የስቱዲዮው ዋጋ እንዲቀል ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ የደረሰው ሰው ማመስገን ካማረው ባለ ሦስት መኝታውን ጎረቤቱን ያመስግን።

ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ ያንኑ ፎቅ ተሸክሞ ሄደ። ጓሮ የለመደ ሰው ደረጃ መውጣቱን አልወደደውም፤ ገዢ ያጡ ቤቶችም ነበሩ።

ንድፉ የሰውን ኑሮ ያዳመጠበት አንድ ቦታ ቢኖር ግን ኮሚናሉ ነው። በግ ማረድ፣ በርበሬ ማመስ፣ ለሠርግና ለልቅሶ ወጥ መጣድ ስቱዲዮ ውስጥ አይሞከርም። ይህን ያሰበውን ሰው አግኝቼ ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኛል። የእኛ ሳይት ኮሚናል ወለሉ ልስን ሲሚንቶ ነው፤ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ስለሚል የፈሰሰው ሁሉ ጥጉ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ይሄዳል። ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት ጭሱን ይስባል። በሩ ሰፊ ነው፤ የድግስ ድስት ለሁለት ተይዞ ሳይጋደም ያልፋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አንድ ቅዳሜ መላው ደረጃ ሲያስነጥስ ከታች ያሉትን እናት አንኳኳሁ። ብረት ምጣዱ ምድጃ ላይ ነው፤ በርበሬው ጠቁሯል፤ የእሳቸውም ዓይን ቀልቷል።

“እማማ፣ ኮሚናሉ እያለ?”

“ምን ላድርግ ልጄ! ሲሚንቶ ሞልተውበት የለም እንዴ?”

እውነታቸውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ኮሚናሉ የሁላችንም የጋራ ሀብት ነው፤ ምን ይሠራበት የሚለውን የሚወስነው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ብሩ ከላይ ይመጣል፣ አጠቃቀሙ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቆረጣል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። አንዱ ሳይት መዋዕለ ሕፃናት ቢያደርገው፣ ሌላው ጂም ቢከፍትበት፣ ነዋሪው መክሮበት እስከሆነ ድረስ ምን ከፋ? የእኛ ግን ለሲሚንቶ ማከማቻ የተከራየው ስድስት ሰው በተገኘበት ስብሰባ ነው። ስብሰባ ሲጠራ መጋረጃ የሚዘጋ ሁሉ በኋላ በጭሱ ባያማርር ደግ ነው። እኔም ያን ቀን አልሄድኩም።

ባለፈው ጥቅምት ከብሎካችን አንድ አባት አረፉ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር የኮሚናሉን ቁልፍ ይዞ መጣ፤ ወጣቶቹ ሲሚንቶውን በትከሻ አውጥተው ሸራ አለበሱት። ወለሉ ታጠበ፣ ጉልቻ ተጎለተ። እስከ ሠልስቱ ድረስ ሴቶቹ እዚያው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ወጥ ሲያወጡ ዋሉ። እማማም ከበሩ አጠገብ በርጩማ ይዘው ቡና ይቆላሉ፤ ደረጃው ላይ የሚያስነጥስ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲሚንቶው ተመልሶ ገባ።